ሦስት ልኬት፣ አምስት ጉዞ፦ የአንድ ብሪጅ የጉዳይ ጥናት

ሴትዮዋ ወደ እኛ የጥርስ ክሊኒክ የመጡት ቆሎ ናፍቋቸው ነው። እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ «ልጄ፣ ሥጋውስ ይቅር። ቡና ሲፈላ ሁሉም ቆሎውን ሲቆረጥም እኔ ቁጭ ብዬ ማየቱ ነው የከበደኝ።» ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ ያለነው አዲስ አበባ ስለሆነ በእያንዳንዱ ቀጠሮ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መጥተው ያንኑ ያህል ይመለሳሉ።

ይህን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ትቼዋለሁ። እዚህ የምተርከው ስህተት የኔ ነው። የምጽፈውም ሌላ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሌላ ታካሚ ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው። የጥርስ ልኬት የሚሰጥ ሰውም ምን እየተደረገ እንደሆነ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከታች በቀኝ በኩል ትልቁ መንጋጋ ጥርሳቸው ከዓመታት በፊት ተነቅሏል። ከፊቱና ከኋላው ያሉት ጥርሶች ጠንካሮች ናቸው፤ ግን ሁለቱም ትልልቅ ሙሌት አለባቸው። ኢምፕላንት፣ ማለት አጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ፣ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ተነቃይ ጥርስ ሳነሳባቸው «ማታ ማታ እያወጣሁ ብርጭቆ ውስጥ አላስቀምጥም» አሉ። ስለዚህ ሁለቱን ጥርሶች ሞርደን፣ መሀሉን የሚሸፍን ባለ ሦስት ጥርስ ቋሚ ብሪጅ ልንሠራ ተስማማን። ቆሎውን አልረሳሁትም። ብሪጁ ጥርስ እንዲመስል የሚለበጠው ሸክላ፣ ፖርሴሊን፣ ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ሊሸረፍ ይችላል። የሚያኝከው ገጽ ብረት ሆኖ ይቅር፣ ፖርሴሊኑ በጉንጭ በኩል ብቻ ይለበጥ አልኳቸው። «የሚታየው ጥርስ ይምሰል እንጂ የማይታየው ብረት ቢሆን ግድ የለኝም» አሉ።

ዕቅዱ ሦስት ቀጠሮ ነበር። መጀመሪያ መሞረድና ልኬት መውሰድ፣ ቀጥሎ የብሪጁን ብረት አፍ ውስጥ መሞከር፣ በመጨረሻ ማጣበቅ። አምስት ሆነ።

ልኬት ስንል በሜትር መለካት አይደለም። ለስላሳ የሆነ ነገር ትሬ በሚባል የመንጋጋ ቅርጽ ባለው መያዣ ተሞልቶ አፍ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ይጠነክራል፤ ሲወጣ የጥርሱን ግልባጭ ይዞ ይወጣል። ግልባጩ ውስጥ ጀሶ ሲፈስበት ጥርሱ በጀሶ ተመልሶ ይወለዳል። የጥርስ ቴክኒሻኑ ታካሚውን አያይም። የሚያየው ያንን ጀሶ ብቻ ነው። ጀሶው ከተሳሳተ እሱ የቱንም ያህል እጀ ወርቅ ቢሆን ብሪጁ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አርብ ከሰዓት ነበር። ሁለቱን ጥርሶች ሞረድኩ። ከዚያ ቀጭን ክር በየጥርሱ ዙሪያ፣ ከድዱ ሥር አስገባሁ። ብሪጁ የሚያርፍበት ጠርዝ በትንሹ ከድድ ሥር ስለሚውል፣ ክሩ ድዱን ለጥቂት ደቂቃ ገፋ አድርጎ ጠርዙን ያሳየናል። የልኬት ነገር ያለው እዚች ጠርዝ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ አምሮ እሷ ከጠፋች ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ከላይኛው መንጋጋ ጀመርን። ላይኛው የሚያስፈልገን ንክሻውን ለማየት ብቻ ስለሆነ አልጂኔት በቂ ነው። አልጂኔት ታካሚዎች ሁሉ የሚያውቁት፣ በውሃ ተበጥብጦ እንደ ወፍራም ገንፎ የሚሆነው ዱቄት ነው። መምህርቷ ያቅለሸልሻቸው ጀመር። ራሳቸውን ወደ ፊት አዘንብለው በአፍንጫ እንዲተነፍሱ፣ የእግራቸውን ጣቶች እንዲያንቀሳቅሱ ነገርኳቸው። የእግር ጣቱ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ሐሳብን ከጉሮሮ ላይ ያነሳል። ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቆየን። ሲጠነክር ትሬውን ሳላንገዋልል በአንድ ፈጣን ጉተታ አወጣሁት። ቀስ ተብሎ እያወዛወዙ ካወጡት አልጂኔት ይቀደዳል፣ ቅርጹም ይዛነፋል።

አልጂኔት የሚገኘው ከቡናማ የባሕር አረም ነው። ንጥረ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ያወጣው ስታንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ነው። ወደ ጥርስ ሕክምና ግን የገባው በጦርነት ሰበብ ነው። ከዚያ በፊት ለልኬት ከሌላ የባሕር አረም የሚሠራ አጋር የሚባል ነገር ነበር፤ ዋናው አቅራቢ ጃፓን ነበረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አጋሩ ለአሜሪካኖች ተቋረጠባቸው። በምትኩ የፈለጉት አልጂኔትን ነው፤ እስከ ዛሬም ከእጃችን አልወጣም። ርካሽ ነው፣ ይለሰልሳል፣ ምራቅ ብዙም አያስቸግረውም። ጠላቱ አየር ነው። አብዛኛው አካሉ ውሃ ነውና። በበጋ፣ በአዲስ አበባ ደረቅ አየር፣ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት ምሳ በልታችሁ ብትመለሱ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ አንጠብቅም። ሲስተር አጥባ፣ በመድኃኒት አጽድታ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ጀሶውን አፈሰሰችበት። ይኼኛው ልኬት እስከ መጨረሻው አላስቸገረንም።

ያስቸገረን ታችኛው ነው። ያኔ የነበረን ኮንደንሴሽን ሲሊኮን የሚባል፣ እንደ ጎማ የሚጠነክር የልኬት ዕቃ ነው። ፑቲ የሚባለው ወፍራሙ ክፍል በትልቅ ዕቃ፣ ማጠንከሪያው በቱቦ ይመጣል። ፑቲው በማንኪያ ይጨለፋል፤ ማጠንከሪያው በላዩ ላይ ይሰመርበታል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ በእጅ ይታሻል። ፑቲው አጠቃላይ ቅርጹን ይይዛል። በሁለተኛው ዙር ቀጭኑ ሲሊኮን ይጨመርበትና ዝርዝሩን ይቀዳል። የታችኛው ልኬት ሲወጣ አማረልኝ። ጠርዙ ዙሪያውን ያለ አንድ አረፋ ወጥቷል። በማጉያ መነጽር አየሁት። ረካሁ።

ሰዓቱ ግን ሄዷል። ልኬቱን ወደ ቴክኒሻኑ የሚያደርሰው ሞተረኛ የቀኑን ጉዞ ጨርሷል። ቅዳሜ በዓል ነበር። «ሲሊኮን እኮ ጎማ ነው፤ እንደ አልጂኔት አይደርቅ፣ ምን ይሆናል?» ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቴክኒሻኑ እጅ የገባው ሰኞ ከሰዓት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህርቷ ብረቱን ለመሞከር መጡ። ብረቱ በጀሶው ላይ ሲቀመጥ ጥልቅ ይላል፤ ክፍተት የለውም። አፋቸው ውስጥ ሲገባ ግን ከፊት ያለው ጥርስ ላይ ይቀመጥና ከኋላው ብድግ ይላል። የኋላውን ስጫነው የፊቱ ይነሳል። እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ይወዛወዛል። «ይኼ ነገር እየዘፈነ ነው እንዴ?» አሉ መምህርቷ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን የምንሠራው ነገር አለ። ብረቱን ከውስጥ መሞረድ። እጄ ወደ ማሽኑ ሄዶ ነበር፤ አልደብቅም። ግን ብረቱ ጀሶው ላይ በትክክል ተቀምጧል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ጀሶው ነው፤ ጀሶው ደግሞ የልኬቱ ልጅ ነው። ብረቱን ሞርጄ ባስገባው፣ ጠርዙ ላይ የሚከፈተው ክፍተት ምግብና ባክቴሪያ የሚያድርበት ይሆናል። ከጥቂት ዓመት በኋላ መምህርቷ ከነብሪጁ ሁለቱንም ጥርሶች ያጣሉ።

ለቴክኒሻኑ ደወልኩላቸው። እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው።

«ዶክተር፣ ያንን ልኬት መቼ ነው የወሰድከው?» አሉኝ።

«አርብ።»

«እኔ ጋ የገባው ሰኞ ነው።» ከዚያ ዝም አሉ። ሌላ ምንም አላሉኝም። አላስፈለገም።

ኮንደንሴሽን ሲሊኮን ሲጠነክር አልኮል ይወልዳል። አልኮሉ ቀስ በቀስ ከውስጡ ተኖ ሲወጣ ልኬቱ ይሸማቀቃል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥቂት ነው። ለዚህ ነው በጊዜ፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጀሶ ይፍሰስበት የሚባለው። ሲያድር መሸማቀቁ እስከ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። ግማሽ በመቶ ምንም አትመስልም። ግን ከፊተኛው ጥርስ እስከ ኋለኛው 20 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ግማሽ በመቶ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለት 100 ማይክሮን። ማክሊንና ፎን ፍራውንሆፈር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚገባ ቋሚ ሽፋን) ከጥርሱ ጋር ያለው የጠርዝ ክፍተት ከ120 ማይክሮን ባይበልጥ ብለው ወሰን አስቀምጠዋል። እስከ ዛሬ የምንጠቅሰው እሱን ነው። እኔ ገና ብረቱ ሳይቀለጥ፣ መሳቢያ ውስጥ ሆኖ፣ ከዚያ ወሰን አብዛኛውን ጨርሼዋለሁ ማለት ነው።

ለመምህርቷ ያልኳቸው ግን «አልተስማማም፣ ልኬቱን እንደገና እንውሰድ» ብቻ ነው። ይህን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

የዚያኑ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክሊኒክ ደውዬ አዲሽን ሲሊኮን ተበደርኩ። ይኼኛው ዋጋው ይከብዳል፣ ሥራው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የመጣ ነው። ሁለት ፑቲ እኩል በእኩል ተጨልፎ ይታሻል። ቀጭኑ ደግሞ ሽጉጥ ከሚመስል መሣሪያ ራሱ ተደባልቆ ይወጣል። አልኮል አይወልድም፤ ስለዚህ አይሸማቀቅም። ሳምንት ቢቆይ እንኳ ቅርጹን ይጠብቃል። አሁን ዳንኩ አልኩ በሆዴ።

ጥርሱን አጸዳሁ። ክሩን በጣቶቼ አድቦልቡዬ በየጥርሱ ዙሪያ ጠቀጠቅኩ። ሲስተር ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ ፑቲውን አሸች፤ ጓንት ላይ እየተጣበቀ ስለሚያስቸግራት ነው። ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ልኬቱ ወጣ። ፑቲው ጠንክሯል። ከጥርሶቹ ሥር፣ ጠርዙ ጋ ብቻ አንድ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር አየሁ። ምራቅ መሰለኝ። አጠብኩት፣ በአየር ነፋሁት። አሁንም ያብረቀርቃል። መምህርቷ ሳይመሽ መኪና ሊይዙ ተነስተዋል። «ይሁን» ብዬ ላክሁት። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ሦስቱ ቀን ሳይሆን ይህ «ይሁን» ነው። ዓይኔ አይቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ዶክተር፣ ጠርዙ የለም። ና ብታየው ይሻላል።»

ሄድኩ። ልኬቱን ከመብራቱ ሥር ያዙልኝ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በዚያ የሚያብረቀርቅ መስመር ላይ አሳረፉና ሳብ አደረጉት። ከጥፍራቸው ጋር አንድ ቀጭን ክር ተስቦ ወጣ፤ ልክ ከማር ሰፈፍ ላይ እንደሚሳብ ክር። ሌሊቱን ሙሉ ሲሊኮኑ እዚያ ጋ አልጠነከረም። ቀሪው ሁሉ እንደ ጎማ ሆኖ፣ በሁለቱ ጥርሶች ዙሪያ ያለችው ቀለበት ብቻ ፈሳሽ። ጀሶው በዚያ በኩል ሸካራና የተበላ ነበር። የምንፈልጋት ያቺ ጠርዝ የለችም።

«ለምን እዚህ ጋ ብቻ?» አሉ ጋሼ፤ እኔን ሳይሆን ልኬቱን የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር።

ጥያቄው መንገዱን ሁሉ አብሮኝ መጣ። ዕቃው ያረጀ ቢሆን ሁሉም ቦታ ለስልሶ ይቀር ነበር። እዚያ ቦታ ብቻ ምን ነካው? ክሩ። ክሩን ማን ነካው? እኔ። በምን? በላቴክስ ጓንት።

ከሰዓት ታካሚ ሳይመጣ እኔና ሲስተር መስታወት ላይ ሙከራ አደረግን። ሲስተር በታጠበ ባዶ እጇ ትንሽ ፑቲ አሸች። እኔ በላቴክስ ጓንት አሸሁ። ከዚያ በቪኒል ጓንት ሌላ። ሦስቱንም ድብልብል በተርታ ደረደርናቸው። እንደገና ሁለት ቁራጭ ክር ወሰድን፤ አንዱን በላቴክስ ጣት አድቦልቡለን፣ አንዱን በወረንጦ ብቻ ይዘን፣ ሁለቱንም ቀጭኑ ሲሊኮን ውስጥ ቀበርናቸው። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ባዶ እጅ የነካውና ቪኒል የነካው ድብልብል ሲወረወሩ የሚነጥሩ ሆኑ። ላቴክስ የነካው ግን ጣት ያስገባል። በማግስቱም ያስገባ ነበር። ሲሊኮኑን ስንሰነጥቀው በወረንጦ የተያዘው ክር ንጹሕ ቦይ ትቶ ወጣ። በጓንት የተነካው ደግሞ ያንኑ የማር ክር ተከትሎ ወጣ። ሲስተር «ውይ!» አለች። እኔ ምንም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሽን ሲሊኮንን የሚያጠነክረው በጣም ጥቂት የሆነ የፕላቲኒየም ውህድ ነው። የላቴክስ ጎማ ሲሠራ ደግሞ ድኝ ይገባበታል፤ ጎማ ጎማ የሚሆነው በድኝ ነው። ከጓንቱ ላይ የሚቀረው ድኝ ያለበት ውህድ ፕላቲኒየሙን ያስረዋል። ለዚያ በዓይን የማይታይ ንክኪ ይበቃዋል። ጓንቱ ሲሊኮኑን ራሱን ባይነካ እንኳ ክሩን ወይም ጥርሱን ከነካ ሊያበላሸው ይችላል። አዲስ የተሞላ ኮምፖዚት (የጥርስ ቀለም ያለው ሙሌት) ላይ የሚቀረው ተጣባቂ ሽፋንም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። እዚህ አላጋጠመኝም፤ ግን የሚያጋጥመው ሰው ይጠንቀቅ።

ታዲያ ስንት ዓመት በላቴክስ ጓንት ስሠራ ለምን አላየሁትም? የድሮው ኮንደንሴሽን ሲሊኮን የሚጠነክረው በፕላቲኒየም ሳይሆን በቆርቆሮ ውህድ ነው። እሱን ድኙ እንዲህ አያስረውም። ስለዚህ የኔ እጅ ለዓመታት ያለ ምንም ቅጣት ክር ሲያድቦለቡል ኖሯል። ዕቃውን ቀየርኩ፤ እጄን ግን አልቀየርኩም። በዚህ ጉዳይ ትልቁን ነገር የተማርኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ልኬት ያበላሸሁት የአልጂኔትን ጠላት ብቻ ስለማውቅ ነው፤ የማይደርቅ ነገር ሁሉ የሚቆይ መስሎኝ። ሁለተኛውን ያበላሸሁት ከኮንደንሴሽን ሲሊኮን የለመድኩትን አዲሱ ላይ ስለሠራሁ ነው። አልጂኔት አየር ይፈራል። ኮንደንሴሽን ሲሊኮን ሰዓት ይፈራል። አዲሽን ሲሊኮን ሰዓት አይፈራም፣ ጓንት ግን ይፈራል። ሦስቱም እጃችን ላይ እያሉ ሁሉንም «ልኬት» ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን።

ለመምህርቷ መደወል ነበረብኝ። ከባድ ነበር። ጥርሳቸው ተሞርዷል፤ ጊዜያዊ ሽፋን ብቻ ነው ያለው። ገና ከደረሱ አንድ ቀን አልሞላቸውም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስቱን ቀንም፣ ጓንቱንም። ጨርሼ ዝም ስል እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መመላለሱ አይደለም ያናደደኝ። ሐሙስ ዕለት 'አልተስማማም' ብለህ ስታልፈኝ፣ አፌ ነው የተበላሸው ብዬ ሌሊቱን ስጨነቅ አደርኩ።» ይህን አልጠበቅኩም። እኔ ስህተቴን በአጭር ቃል ስሸፍን፣ እሳቸው ጥፋቱን ከገዛ መንጋጋቸው ሲፈልጉ አድረዋል። ተጨማሪ ክፍያ እንደማይኖር፣ የመኪናውንም እኛ እንደምንችል ነገርኳቸው። «እሱስ ይሁን» አሉ። ቀጠሮ ይዘን ተለያየን።

ሦስተኛው ልኬት። ገና ማደንዘዣ ከመስጠቴ በፊት ጀምሮ ቪኒል ጓንት አደረግሁ። ምክንያቱም ንክኪው የሚጀምረው ከንፈር ሲያዝ፣ ድድ ሲዳሰስ ነው። ጥርሱን በውሃ በደንብ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። ክሩ በወረንጦ ተይዞ ገባ። ይህን ጊዜ ሁለት ክር አደረግሁ፤ ቀጭኑ ከሥር ይቀራል፣ ወፍራሙ ከላይ ሆኖ ልኬቱ ሊገባ ሲል ይወጣል። ድዱ አልደማም። ደም ካለ የትኛውም ሲሊኮን ጠርዙን አያገኘውም፤ በመሠረቱ ውሃ የማይወድ ነገር ነው። ከሽጉጡ የመጀመሪያውን ጠብታ ወረቀት ላይ ጣልኩት፤ እሱ ሲጠነክር አይቼ የአፉን ለመገመት። ቀጭኑን ከጫፉ ሳላነሳ በጠርዙ ዙሪያ አዞርኩት። ጫፉ ከተነሳ አየር ይገባል፣ አየር ከገባ አረፋ ይሆናል። ፑቲው ተከተለ።

እየጠበቅን ሳለ መምህርቷ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ስልካቸውን እንድሰጣቸው። ጻፉልኝ፦ «የእህቴ ልጅ አሜሪካ ናት፣ የሷን በካሜራ ነው ያነሱት፤ እናንተ ለምን አታነሱም?» እውነት ነው። አፍ ውስጥ የሚገባ ስካነር አለ፤ ትሬም ጀሶም አያስፈልገውም። ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግልግል ነው። ዋጋው ግን ገና ለብዙዎቻችን አይቀመስም። ካሜራም ቢሆን ያላየውን አይቀዳም። ድድ የሸፈነውን፣ ደም ያለበሰውን ጠርዝ ካሜራውም አያገኘውም። ክሩ ያው ክር ነው።

ልኬቱ ወጣ። ወደ መብራቱ ወሰድኩት። የሚያብረቀርቅ ነገር አለ? የለም። በመፈተሻው ጫፍ ዙሪያውን ነካሁት፤ እንደ ጎማ መለሰልኝ። ሲስተርም አየችው። ከዚያ መምህርቷ ራሳቸው «አሳየኝ» አሉ። የሞረድኩበትን ጠርዝ በጣቴ አሳየኋቸው። ቀጥ ያለ፣ ያልተቆረጠ መስመር። «ይቺን ነው ስትፈልግ የነበርከው?» አሉ። አዎ፣ ይቺን ነው።

ወዲያው አልላክነውም። አንዳንዱ አዲሽን ሲሊኮን ከጠነከረ በኋላ ትንሽ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ጀሶ ቶሎ ከፈሰሰበት ጋዙ ጀሶው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ይሠራል። አንድ ሰዓት ያህል አሳርፈን ላክነው። ኮንደንሴሽኑ መቸኮል ሲፈልግ ይኼኛው መታገሥ ይፈልጋል።

ብረቱ ሲመጣ በሁለቱም ጥርሶች ላይ አንድ ላይ ወረደ። አልተወዛወዘም። በመፈተሻው ጫፍ ጠርዙን ዞርኩት፤ የትም አልያዘኝም። ፖርሴሊኑ ተለብጦ በአምስተኛው ቀጠሮ አጣበቅነው። ንክሻው ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ አስተካከልኩ። የላይኛው አልጂኔት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ክሊኒካችን ውስጥ ሁለት ነገር ተቀይሯል። ልኬት በሚወሰድበት ክፍል የላቴክስ ጓንት ካርቶን የለም፤ እንዳይረሳ ተብሎ ሳይሆን እንዳይገኝ ተብሎ ነው የወጣው። በእያንዳንዱ ልኬት ከረጢት ላይ ደግሞ የዕቃው ዓይነትና የተወሰደበት ሰዓት ይጻፋል። አርብ ከሰዓት በኮንደንሴሽን ሲሊኮን ልኬት አንወስድም፤ ጀሶውን እዚያው የምናፈስ ካልሆነ በስተቀር። በጓንቱ ነገር ከባልደረቦቼ ጋር ስነጋገር ሁለቱ «እኔንም አጋጥሞኝ ዕቃው ያረጀ መስሎኝ ጣልኩት» አሉኝ። ውድ ዕቃ ነው የጣሉት።

መምህርቷ በስድስተኛው ወር ለምርመራ መጡ። ድዱ ጤነኛ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ከቦርሳቸው ሦስት የተቋጠረ ፌስታል አወጡ፤ የገብስ ቆሎ፣ ራሳቸው የቆሉት። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሲስተር። ሦስተኛውን «ለዚያ ላላየሁት ሰውዬ» አሉ። በሞተረኛው ከቀኑ ልኬቶች ጋር አድርጌ ለጋሼ ላክሁላቸው። ማታ ደወሉ። ቆሎውን እየቆረጠሙ ነበር፤ ይሰማኛል። አመሰግናለሁ ከማለታቸው በፊት ግን አንዱ ከረጢት ላይ የተጻፈው ሰዓት አልነበብ ብሏቸው፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተወሰደ ጠየቁኝ።